ቀዩ ከፋይ

በ1979 ዓ.ም. ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ የቦኬ ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ፣ አስተማሪዋ ኩብራ በአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ አሰበ ተፈሪ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ጭቃ የጠገበ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ የሱቁን በረንዳ ስትወጣ ልብስ ሰፊው ዓሊዩ የስፌት መኪናውን አቁሞ ቀና አለ።

«ባጋ ነጋን ገልቴ፣ እንኳን ደህና ገባሽ አስተማሪያችን» አላት። «ቦኬ አከሳችሽ።»

«ዝናቡ ነው አባ ዓሊዩ። እናንተስ ደህና ናችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ።» ክሩን በጥርሱ በጠስ አደረገና ተራ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ጨመረበት። «ሙሜም መጥቷል።»

ኩብራ ጫማዋን ደረጃው ላይ አስቀመጠች።

አባቷ ሐጂ አብዱልቃዲር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እሳቸው ከውስጥ ጨርቁን ለክተው ይቆርጣሉ፤ ገዢው ሁለት እርምጃ ተራምዶ በረንዳው ላይ ለዓሊዩ ይሰጠዋል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ሐጂ ሰፊውን አንድ ቀን ክፉ ተናግረውት አያውቁም፤ ዓሊዩም ከኢድና ከለቅሶ ቀን በቀር ከበረንዳው አልፎ ሳሎን ገብቶ አያውቅም። የዓሊዩ ልጅ ሙሜና የሐጂ ልጅ ኩብራ ግን በዚያው ግቢ ሲሯሯጡ ነው ያደጉት። ከዚያ አንድ ቀን፣ ማንም ምንም ሳይላቸው፣ መሯሯጡ ቀረ። እሱ አዲስ አበባ የሥዕል ትምህርት ቤት ገባ፤ እሷ ቦኬ ተመደበች። ከቦኬ ሁለት ደብዳቤ ጽፋለት ነበር። ለሁለቱም መልስ አልመጣም።

ከሱቁ ጀርባ ያለው መጋዘን፣ ዕቃ እንደ ልብ መምጣት ካቆመ ወዲህ ባዶውን ይውል ነበር። ሙሜ ደህና ብርሃን የሚገባበት ክፍል ሲያጣ አባቱ ሐጂን ለመነለት። ሐጂ የሰው ምስል መሣሉ ደስ አይላቸውም። ቢሆንም እምቢ አላሉም። «ይግባ። እኔ ገብቼ አላይም፤ ካላየሁ ደግሞ አልከለክልም። በሩ ብቻ ክፍት ይሁን» አሉ።

ኩብራ በመጣች በሁለተኛው ቀን የድሮ መጻሕፍቷን ልትፈልግ ወደ መጋዘኑ ሄደች። መጻሕፍቱ እዚያ እንዳልነበሩ በደንብ ታውቃለች።

ሙሜ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ከፊቱ ትልቅ ሸራ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ሸራው ከላይ እስከ ታች በእርሳስ መስመር በትንንሽ አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ የሒሳብ ደብተር ይመስላል። ከጎኑ ከመጽሔት የተቀደደች፣ ከአንድ የደብተር ገጽ የማትበልጥ ባለቀለም ሥዕል በምስማር ተመትታለች። እሷም እንዲሁ በመስመር ተከፋፍላለች።

«ምንድን ነው?» አለች ኩብራ።

ዞር አለ። ቀለም የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ሰላም ሊላት ዘረጋው፤ ከዚያ ቀለሙ እንዳልለቀቀ አይቶ መልሶ ሰበሰበው።

«የቤት ሥራ ነው» አለ። «አንድ የሆላንድ ሰው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በዘይት ቀለም የሣለው ነው። እኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ መልሼ መሥራት አለብኝ። መስከረም አጋማሽ ላይ ለመምህሬ አሳየዋለሁ። ካልሆነልኝ ወደ መጨረሻው ዓመት አላልፍም።»

ኩብራ ወደ ትንሿ ሥዕል ቀረበች። አንዲት ሴት በጠረጴዛ አጠገብ ቆማለች። ጠረጴዛው በምንጣፍ ተሸፍኗል፤ ምንጣፉ ላይ የብር ማንቆርቆሪያ፣ ግማሹ የተላጠ ሎሚና ቀጭን ብርጭቆ ተቀምጠዋል። ከሴትየዋ ኋላ አንድ ሽማግሌ በጨለማው ውስጥ ወንበር ላይ ይታያል። በስተግራ ከጣሪያ እስከ ወለል የወረደ ቀይ መጋረጃ እስከ ግማሽ ተሰብስቧል። የምንጣፉ አበባ እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ይህን ሁሉ? ከባዱ የቱ ነው?»

«መጋረጃው። ከፋይ ነው መሰለኝ፣ ያ ፀጉራሙ ጨርቅ። እዚህ ላይ ግን የሚታየኝ ቀይ ነገር ብቻ ነው፤ እጥፉ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ አይገባኝም። ከፋይ በቅጡ አይቼ አላውቅም።»

«የልብስ ሰፊ ልጅ ሆነህ?»

«ከፋይ እኛ ጋ አይመጣም፣ ኩብራ» አለ ሙሜ በለሆሳስ። «ከፋይ የሚያሰፉ ሰዎች ድሬዳዋ ወስደው ነው የሚያሰፉት።»

ወጥታ ሄደች። ስትመለስ አንድ ጣቃ ቀይ ከፋይ በሁለት እጇ ታቅፋ ነበር።

«ሐጂ ያውቃሉ?» አለ ደንግጦ።

«ጠይቄያቸዋለሁ። ጨርቅ ሰው አይደለም፣ ይሣል አሉ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከፋዩን መስኮቱ አጠገብ ካለው ወራጅ ላይ አንጠለጠሉት። ኩብራ እጥፉን በእጇ እያበጀች፣ ፊቷን ወደ ጨርቁ እንዳዞረች፣ «ደብዳቤዬ ደርሶህ ነበር?» አለች።

«ደርሶኛል።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ከፋዩ ላይ ያረፈው እጇ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆየ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ትመጣ ነበር። አመጣጧ እጥፉን ለማስተካከል ነው፤ ጨርቁ ሌሊቱን ይረግባልና። ሙሜ መጀመሪያ ሁሉንም ነገር በቡናማ ብቻ ሠራው። ሴትየዋ፣ ሎሚው፣ መጋረጃው ሁሉ አፈር መሰሉ። ኩብራ አፈረችለት እንጂ አልተናገረችም።

«ብርሃኑና ጥላው መጀመሪያ ቦታ ቦታውን መያዝ አለበት» አላት፣ ፊቷን አይቶ። «ቀለሙ ከዚያ በኋላ ነው። ቀዩን በተልባ ዘይት አቅጥኜ በስሱ አለብሰዋለሁ። ሲደርቅ ሌላ እደርብበታለሁ። የታችኛው ሳይደርቅ ከተቻኮልኩ የላይኛው ይሰነጠቃል።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«በዚህ ዝናብ? አምስት፣ ስድስት ቀን።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ መጠበቅ ነው።»

እውነትም ይጠብቁ ነበር። እሱ ሌላውን ጥግ፣ ማንቆርቆሪያውን ወይም ምንጣፉን ሲሠራ፣ እሷ ዕቃ የሌለበት ሣጥን ላይ ተቀምጣ የመጪውን ዓመት ትምህርት ታዘጋጃለች። ከበረንዳው የአባቱ መኪና ድምፅ ይሰማል። አንዳንዴ ቀና ስትል እሱ እሷን ሲያይ ታገኘዋለች፤ ወዲያው ወደ ሎሚው ይመለሳል። አንዳንዴ ደግሞ ቀድሞ ዓይኗን የምትሰብረው እሷ ናት።

አንድ ቀን «እጅሽን ብታውሺኝ» አላት። «የሴትየዋ እጅ እዚህ ላይ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ያረፉ ይሁኑ ወይ ሊነሱ ያሉ አልለየሁም።»

ኩብራ እጇን ሣጥኑ ላይ አሳረፈች። እሱ ሳይነካት፣ በብሩሹ ጫፍ ከሩቅ እያመለከተ፣ «ትንሿን ጣት ትንሽ ቀና... እንደዚያ» አለ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ ቆየች። ክንዷ ደነዘዘ፤ «ደከመኝ» ማለት ግን አልፈለገችም።

በነሐሴ አጋማሽ የመቻራ ከተማው ቡና ሰብሳቢ የጂብሪል ዘመዶች ኩብራን ሊለምኑለት መጡ። ጂብሪል ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ሰው የማያስቀይም፣ ሁለት የጭነት መኪና ያለው ሰው ነው። ሐጂ ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናግደው «አስቤ እነግራችኋለሁ» ብለው ሸኙ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የያዘችው የአባቷ እህት ጣሂራ፣ የቤቱ ልጆች አዳዳ የሚሏት፣ በዚያው ማታ አነጋገረቻት።

«ሰውየው ምን ይወጣለታል?» አለቻት።

«ምንም አዳዳ። እኔ ግን አልፈልገውም።»

«ሌላ ሰው አለ?»

ጣሂራ ዓይኗን ወደ መጋዘኑ በኩል ጣል አድርጋ መለሰችና ራሷን ነቀነቀች።

በማግስቱ ኩብራ ከፋዩን ልታስተካክል ስትገባ ጨርቁ ከወራጁ ወርዶ፣ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ውሰጂው» አለ ሙሜ፣ ሳያያት። «ጨርሻለሁ። ለምን እንደሚፈለግ ሰምቻለሁ፤ ቀለም ሳይነካው ይሻላል።»

«ለምን ይፈለጋል?»

«ለሠርግ። አዳዳ ጣሂራ ትላንት ለአባቴ ነግራዋለች።»

ኩብራ ወደ ሸራው አየች። መጋረጃው ገና ሁለተኛውን ቀይ እንኳ አልለበሰም። የሴትየዋ እጅ ያለበት ቦታ ተፍቆ ባዶ ሆኗል። እንዳልጨረሰ ለማወቅ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም ነበር።

«ጨርሻለሁ ካልክ እሺ» አለች። ጣቃውን አነሳች። አንድ ቃል ቢጨምር ኖሮ ትቆም ነበር፤ አልጨመረም። ግቢውን ስታቋርጥ አርባ ቀን ሙሉ የተፈለገው ጨርቁ ብቻ መሰላት፣ እሷም እንደ ምስማር ጨርቁን ይዛ የቆመች።

የተማሪ ምዝገባ አለ ብላ ከጊዜው አሥር ቀን ቀድማ ወደ ቦኬ ሄደች። ምዝገባው እውነት ነበር፤ የቸኮለችበት ምክንያት ግን እሱ አልነበረም።

የነሐሴ መጨረሻ፣ የቦኬ የገበያ ቀን ነው። ኩብራ ከትምህርት ቤቱ ወጥታ በበግና በማሽላ ሻጮች መሃል ስታልፍ ስሟን የጠራት ሰው አለ። ሙሜ ነበር። በጭነት መኪና ላይ ቆሞ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለችው።

«ደብዳቤሽን ልመልስ።»

ከኮቱ የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። በሥዕል ንድፍ ጀርባ ላይ የተጻፉ አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ነበሩ። አንዱም አልተላከም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ሰው ሁሉ በሚያያቸው ቦታ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ኩብራ ከላይ ያለውን አነበበች።

«ኩብራ፤ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስለዘነበ ውጪ ወጥተን መሣል አልቻልንም። ቦኬም እንዲህ ይዘንብ እንደሆነ አሰብኩ። ቤትሽ ያፈስ ይሆን? ቢያፈስ ጣሪያ ላይ የሚወጣልሽ ሰው አለ? መጠየቅ የምችለው ይህን ነው። መጠየቅ የምፈልገውን ግን አልችልም።»

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«ለምን አልላክኸውም?»

«አባቴ ያለው ያቺ በረንዳ ናት» አለ ሙሜ። «ደንበኛ የሚያገኘው በአባትሽ ነው። ሐጂ ደብዳቤዬን ቢያገኙትና ቢያዝኑብኝ፣ እሳቸው ተነስ ባይሉት እንኳ እሱ አፍሮ ይነሳል። ሃያ ዓመቱን የማፈርስበት እኔ ልሁን?»

«እኔንስ?» አለች ኩብራ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አንተ ስለ አባትህ አሰብክ። አዳዳ ስለ ቤቱ አሰበች። ጂብሪል መቼም ስለ ራሱ ያስባል። እኔን ግን አንድ ሰው ምን ትፈልጊያለሽ አላለኝም። ከፋዩን ጠቅልለህ ስትሰጠኝ እንኳ አልጠየቅኸኝም። ለጂብሪል እምቢ ማለቴን ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ብትጠይቀኝ ታውቅ ነበር።»

ሙሜ ራሱን ደፋ።

«አሁን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለ በመጨረሻ። «አንድ ዓመት ትምህርት ይቀረኛል፤ እሱንም ካለፍኩ ነው። ቤት የለኝም። ያለኝ እጄ ብቻ ነው፤ እሱም ገና አልሠለጠነም። ይህን ሁሉ እያወቅሽ ትጠብቂኛለሽ?»

«እጠብቅሃለሁ» አለች ኩብራ። «ግን በድብቅ አይደለም። አባትህ አባቴን ይጠይቁ።» ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «እጁን ለምን ፋቅኸው? የሴትየዋን» አለችው።

«ያንቺ እጅ ሆኖብኝ። ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሦስት ጊዜ ያንቺው ሆነ።»

«ታዲያ ቢሆንስ?»

«የቤት ሥራው እንደሱ አይደለም። ደግሞም...» ሙሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ አያት። «ያንቺን እጅ ለሆላንዱ ሰውዬ መስጠት አልፈለግኩም። ያንቺን አንድ ቀን ለራሱ እሠራዋለሁ።»

መኪናው ጥሩምባ እስኪያሰማ ድረስ እዚያው ተቀመጡ። ሲሄድ ደብዳቤዎቹን አልመለሰችለትም። ያን ዕለት ቦኬ ለኩብራ አገሯ መሰለቻት።

ምዝገባው አልቆ በጳጉሜ ስትመለስ ከፋዩን ራሷ መልሳ ሰቀለችው። ሐጂ አይተው አለፉ። ሙሜ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቀይ ደረበ፤ መጋረጃው በየቀኑ እየከበደ፣ እየጠለቀ ሄደ። የሴትየዋን እጅ በአንድ ጠዋት ሠራው፤ በዚህኛው ጊዜ የሴትየዋ እጅ ነበር።

አዲሱ ዓመት በገባ በአራተኛው ቀን ኩብራ ስትነሳ ግቢው ፀጥ ብሏል። ምን እንደጎደለ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። በረንዳው ላይ ስትወጣ የዓሊዩ መኪና የለም። ወንበሩም፣ የብረት ካውያውም የሉም። መኪናው የነበረበት ቦታ ላይ ሲሚንቶው አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቷል። ሐጂ አጠገቡ ቆመው ያዩ ነበር።

«የት ሄደ?» አለች።

«አልነገረኝም» አሉ ሐጂ። ሱቁን የዚያን ቀን ዘግይተው ከፈቱ።

ከአሱር ሶላት በኋላ ዓሊዩ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። የኢድ ጀለቢያውን ለብሷል። ሳሎን ገብተው ተቀመጡ፤ ኩብራና ጣሂራ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሆነው ያዳምጡ ነበር።

«ዓሊዩ፣ በረንዳዬን ባዶ አድርገህ ነው የመጣኸው?» አሉ ሐጂ።

«አዎ ሐጂ። መኪናዬን ጠዋት ወደ ቤቴ ወስጃለሁ።» የዓሊዩ ድምፅ ቀጭንና የተረጋጋ ነበር። «ልጅዎን ለልጄ ልለምንዎ ነው የመጣሁት። በረንዳዎ ላይ ተቀምጬ ብጠይቅዎ፣ እሺ ቢሉኝ በይሉኝታ ያሉ ይመስለኛል፤ እምቢ ቢሉኝም ነገ ጠዋት እዚያው ተቀምጬ ስንተያይ እንተፋፈራለን። ስለዚህ ቀድሜ ተነሳሁ። ዛሬ የመጣሁት እንደ አንድ አባት ነው።»

ጣሂራ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ኩብራ ያ ሰው ሃያ ዓመት የተቀመጠበትን ቦታ በአንድ ጠዋት ለእሷና ለልጁ ሲል እንደለቀቀ ገባት።

ሐጂ ተነሱ። «መጣሁ» ብለው በጓዳው አልፈው ወደ ግቢው ወጡ፤ ወደ መጋዘኑም ሄዱ። ኩብራ ከኋላቸው ተከተለች። ሙሜ ሲያያቸው ከሸራው ፊት ገለል አለ። ሐጂ ለብዙ ጊዜ ቆመው አዩ። ሴትየዋን አለፏት፤ ሽማግሌውንም አለፉት። መጋረጃው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አርባ ዓመት ጨርቅ ሲዳስሱ የኖሩት ጣቶቻቸው ሳያስቡት ወደ ሸራው ተዘረጉ፤ ሊነኩት ሲሉ አቆሙ።

«አልደረቀም?»

«አልደረቀም ሐጂ።»

«የኔ ከፋይ ነው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ፀጉሩ ወዴት እንደተኛ እንኳ ይለያል።» ወደ ሙሜ ዞሩ። «ይህን አንድ የሆላንድ ሰው ሠርቶታል አሉ፤ ያንተ የቱ ነው?»

«እዚህ ላይ የኔ የሆነ ነገር የለም ሐጂ። እየተማርኩበት ነው።»

«ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«ሁለት ወር ከምናምን።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የራሱ ላልሆነ ሥራ እንዲህ የሚታገሥ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። ወደ ሳሎን ተመለሱ።

«ለመቻራዎቹ ቃል አልሰጠሁም» አሉ እንደተቀመጡ። «በኔ በኩል ልቤ የሚከፋበት ነገር የለም። ትምህርቱን ይጨርስ፤ ኒካሑ ከዚያ በኋላ ይሁን። ዓሊዩ፣ ሃያ ዓመት በሬ ላይ አስቀምጬ ወደ ውስጥ ግባ ሳልልህ መኖሬን ዛሬ ነው ያወቅኩት። አውፍ በለኝ። አሁን ልጅቷ ትጠየቅ።»

ጣሂራ ወደ ኩብራ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አባትሽ ፈቃድሽን ይጠይቃሉ» አለች በሹክሹክታ። «መናገር የለብሽም። ልጅ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው፤ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ እኔ እነግርልሻለሁ።»

ኩብራ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ሙሜ በግቢው በኩል በሩ ላይ ቆሟል።

«አባ» አለች። «ዝም አላልኩም። እሺ ብያለሁ።»

ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዓሊዩ ጋር ተያዩ። ሁለቱ አባቶች በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ተያይተው የሚያውቁ አይመስልም።

«ሰማን» አሉ ሐጂ በዝግታ። «ሁላችንም ሰማን።»

ፋቲሓው ተነበበ። ኩብራ ድምፅዋ እንዳልተሰበረ ያወቀችው ወደ ጓዳ ከተመለሰች በኋላ ነው። እዚያ ብቻዋን ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንባዋን ለመጥረግ አልቸኮለችም፤ ልቧ ከልጅነቷ ወዲህ እንደዚያ ቀልሏት አያውቅም ነበር።